መዝገቡ ሲለወጥ ማውጫውን ማን ያስተካክለዋል?

ባንክ ሄደው ስልክ ቁጥርዎን አስቀየሩ እንበል። ሠራተኛዋ አሥር አኃዝ ጻፈች፣ «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫነች፣ አበቃ። ከመስኮቱ ወዲህ ሆነው ሲያዩት የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። በማሽኑ ውስጥ ግን ሥራው ገና መጀመሩ ነው። የድሮው ቁጥር በተራ ከተደረደረ ዝርዝር ውስጥ መውጣት፣ አዲሱም በዚያው ዝርዝር ላይ ትክክለኛ ቦታውን መያዝ አለበት። ይህ ባይደረግ በማግስቱ በአዲሱ ስልክዎ ሲፈለጉ «እንዲህ ያለ ደንበኛ የለም» የሚል መልስ ይመጣል፤ መዝገብዎ ግን የትም አልሄደም።

ያ የተደረደረ ዝርዝር ኢንዴክስ ወይም ማውጫ ይባላል። ፍለጋን እንደሚያፋጥን ከዳታቤዝ ጋር የተዋወቀ ሁሉ ያውቃል። እምብዛም የማይነገረው ሌላው ወገን ነው፦ መዝገብ በተጨመረ፣ በተለወጠና በተሰረዘ ቁጥር ማውጫው እንዳይዋሽ የሚከፈለው ዋጋ። የዛሬው ወሬያችን ስለዚያ ዋጋ ነው።

ሁለት አደራደር፣ አንድ መዝገብ

የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍልን ያስቡ። የታካሚዎች ማኅደር በመደርደሪያው ላይ በካርድ ቁጥር ተራ ተቀምጧል። ቁጥሩን ይዘው ከመጡ ማኅደሩ ወዲያው ይወጣል። መታወቂያ ካርዱን ቤት ረስተው ከሆነ ግን ሠራተኛዋ በስም ፊደል ተራ ወደተደረደሩት ትናንሽ ካርዶች ዞር ትላለች፤ ስምዎን ታገኛለች፣ አጠገቡ ያለውን ቁጥር ታነባለች፣ ወደ መደርደሪያው ትመለሳለች። ትናንሾቹ ካርዶች የሕክምና ታሪክዎን አይዙም። የሚይዙት ስምዎንና ማኅደሩ ያለበትን ቦታ ብቻ ነው።

ዳታቤዝም እንዲሁ ነው። ሰንጠረዡ ሙሉውን መዝገብ ይይዛል። ኢንዴክሱ ደግሞ አንድ ዓምድ መርጦ፣ ስልክ ይሁን ስም ወይም የፋይዳ ቁጥር፣ በተራ ይደረድረዋል፤ ከእያንዳንዱም ጎን መዝገቡ የሚገኝበትን አድራሻ ይጽፋል። የባንኩ የደንበኞች ሰንጠረዥ በሒሳብ ቁጥር፣ በስም፣ በስልክና በፋይዳ ቁጥር አራት ኢንዴክስ ቢኖሩት፣ አንድ አዲስ ደንበኛ ሲመዘገብ የሚጻፈው አምስት ቦታ ነው፦ አንዴ በሰንጠረዡ፣ አራት ጊዜ በማውጫዎቹ።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ዳታቤዙ ራሱ ነው። ፕሮግራመሩ «ይህን ደንበኛ መዝግብ» ብሎ ያዛል እንጂ ስለ ኢንዴክስ አንድ ቃል አይናገርም። ዳታቤዙም «ተመዝግቧል» ብሎ የሚመልሰው ሰንጠረዡም ማውጫዎቹም አንድ ላይ ሲስተካከሉ ነው። አንዱ ቢሰናከል ሁሉም ይሻራል።

ሆን ተብሎ የተተወ ባዶ ቦታ

በተራ የተደረደረ ዝርዝር መካከል አዲስ ነገር ማስገባት ከባድ ነው። በአንድ ረጅም ፋይል ውስጥ አሥር ሚሊዮን ስልክ ቁጥር ተደርድሮ ሳለ አንድ ቁጥር ከመሐል ቢገባ፣ ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ቦታ መግፋት ይኖርባቸዋል። ለአንድ ደንበኛ ሲባል ሚሊዮኖች ይንቀሳቀሳሉ ማለት ነው።

ይህን ችግር የፈቱት በአሜሪካ በአውሮፕላን ሠሪው በቦይንግ የምርምር ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩት ሩዶልፍ ባየርና ኤድዋርድ ማክሬይት ናቸው። ሐሳባቸውን በ1970 አቀረቡት፤ ጽሑፉ በመጽሔት የወጣው በ1972 ነው (ሁሉም ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ያቀረቡት አደረጃጀት ቢ-ትሪ ይባላል፤ «ትሪ» ዛፍ ማለት ነው። ዛሬም ፖስትግሬስ፣ ማይኤስኪውኤልና ኦራክል የተባሉት ዳታቤዞች፣ እንዲሁም በየስልካችን ውስጥ ያለው ኤስኪውላይት በዚሁ ወይም በዚሁ ዝርያ ይሠራሉ።

ብልሃቱ ዝርዝሩን በገጽ በገጽ ከፋፍሎ በየገጹ ባዶ ቦታ መተው ነው። የፖስትግሬስ አንድ ገጽ 8 ኪሎባይት ነው፤ የማይኤስኪውኤል ዋና ሞተር የሆነው ኢኖዲቢ በ16 ኪሎባይት ይሠራል። በ8 ኪሎባይት ገጽ ላይ ከነአድራሻቸው ወደ 250 የሚጠጉ ስልክ ቁጥሮች ይገባሉ። ቁጥሮቹ የሚቀመጡባቸው ገጾች ቅጠል ይባላሉ። ከእነሱ በላይ «ከዚህ እስከዚህ ያለው በዚያኛው ገጽ ነው» እያሉ የሚመሩ ገጾች አሉ፤ በጫፉ ላይ አንድ ሥር ይቀመጣል። ዛፉ እንግዲህ ተገልብጦ የተሳለ ነው፤ ሥሩ ላይ፣ ቅጠሉ ታች።

ስሌቱን ይመልከቱት። ሥሩ 250 ገጾችን ይመራል፣ እነዚያ እያንዳንዳቸው 250 ቅጠሎችን፣ እያንዳንዱ ቅጠል 250 ቁጥሮችን ይይዛል። 250 ጊዜ 250 ጊዜ 250፣ 15,625,000 ይሆናል። ከአሥራ አምስት ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መካከል አንዱን ለማግኘት ሦስት ገጽ ማንበብ ይበቃል። አንድ ደረጃ ቢጨመር ከሦስት ቢሊዮን በላይ ይደርሳል።

ሲጨመር

አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ሰንጠረዡ ብዙ አይጨነቅም፤ በፖስትግሬስ ቢሆን ክፍት ቦታ ያለው ገጽ ፈልጎ መዝገቡን እዚያ ያሳርፋል። ኢንዴክሱ ግን ያገኘበት መጣል አይችልም፤ በ0911 የሚጀምረው በ0912 ከሚጀምረው በፊት መግባት አለበት። ስለዚህ ዳታቤዙ ከሥሩ ተነሥቶ እስከ ትክክለኛው ቅጠል ይወርዳል። ቅጠሉ ላይ ቦታ ካለ ቁጥሩን ያስገባል፤ ጎረቤት ገጾች ምንም አይነኩም። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው።

ቅጠሉ ሞልቶ ከሆነ ለሁለት ይከፈላል። አዲስ ገጽ ይወሰድና ከቁጥሮቹ ግማሽ ያህሉ ወደዚያ ይዛወራሉ፤ በላይ ባለው ገጽም ላይ አዲሱን የሚያመለክት አንድ መስመር ይጻፋል። የላዩም ሞልቶ ከሆነ እሱም ይከፈላል። ጉዳዩ እስከ ሥሩ ከደረሰ ሥሩ ራሱ ይከፈልና ከበላዩ አዲስ ሥር ይወጣል፤ ዛፉ በአንድ ደረጃ የሚረዝመው ያኔ ብቻ ነው። ዕድገቱ ሁልጊዜ በሥሩ በኩል ስለሆነ የትኛውም ቅጠል ከሥሩ ያለው ርቀት እኩል ነው። አንዱ ደንበኛ ቶሎ ተገኝቶ ሌላው የሚዘገይበት ምክንያት የለም።

ገጹ እየተከፈለ ሳለ ሌላ ሠራተኛ ያንኑ ቁጥር ብትፈልግስ? መልሱን ፊሊፕ ሌማንና ቢንግ ያኦ በ1981 ሰጥተውበታል፤ ፖስትግሬስም በእነሱ መንገድ ይሄዳል። እያንዳንዱ ቅጠል በቀኙ ወዳለው ጎረቤት የሚያሳይ ምልክት አለው፤ እሱ ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛ ቁጥር ስንት እንደሆነም ተጽፎበታል። ፈላጊዋ ወደ ቅጠሉ ስትደርስ የምትሻው ቁጥር ከዚያ ጣሪያ በላይ ከሆነ፣ ገጹ አሁን መከፈሉን ታውቅና ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ ትሄዳለች። ባንኩን በሙሉ ማስቆም አያስፈልግም።

የሚገባው ነገር ቅደም ተከተልም ዋጋውን ይወስነዋል። የሒሳብ ቁጥር በተራ እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ አዲሱ ሁልጊዜ የሚገባው በቀኝ ዳር ባለው የመጨረሻ ቅጠል ነው። ዳታቤዞች ይህን ስለሚያውቁ ቅጠሉን ግማሽ ለግማሽ አይከፍሉትም፤ ፖስትግሬስ የግራውን ገጽ 90 በመቶ ሞልቶ ይተወዋል፣ ኢኖዲቢ ደግሞ ከገጹ አሥራ ስድስተኛውን እጅ ብቻ ክፍት ያደርጋል። በዘፈቀደ የሚወጣ መለያ፣ ለምሳሌ አራተኛው ዓይነት ዩዩአይዲ፣ ግን በየጊዜው የሚወድቀው በሌላ ቅጠል ላይ ነው። ገጾች በየቦታው ይከፈላሉ። ኢንዴክሱ ከሚሞሪው በልጦ ከሆነ ደግሞ ለእያንዳንዱ መዝገብ አዲስ ገጽ ከዲስክ መጥራት ይመጣል። በ2024 የወጣው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ፣ አርኤፍሲ 9562፣ ሰባተኛውን ዓይነት ዩዩአይዲ ሲደነግግ ጊዜን ከፊት ያስቀመጠው መለያዎቹ በተራ እንዲመጡ ነው።

ሲለወጥ

ወደ ስልክ ቁጥርዎ እንመለስ። በኢንዴክስ ውስጥ ቁጥርን ባለበት ቦታ አርሞ መተው አይቻልም፤ ቁጥሩ ሲቀየር ቦታውም ይቀየራልና። 0911 የነበረው 0944 ቢሆን ከአንድ ቅጠል ወጥቶ ምናልባት ሩቅ ወዳለ ሌላ ቅጠል ይሄዳል። ስለዚህ ለኢንዴክስ መለወጥ ማለት አንድ ስረዛና አንድ ምዝገባ ነው።

የስም፣ የሒሳብና የፋይዳ ኢንዴክሶችስ? እነሱ የያዙት መረጃ አልተነካም። እዚህ ላይ ሁለቱ ታላላቅ ዳታቤዞች መንገዳቸው ይለያያል።

ፖስትግሬስ መዝገብ ሲለወጥ አሮጌውን አይደመስስም፤ አዲስ ቅጂ በሌላ ቦታ ይጽፋል። ኢንዴክሶቹ የያዙት የመዝገቡን ቦታ ስለሆነ፣ መዝገቡ ቦታ ሲቀይር መረጃቸው ያልተነካ ኢንዴክሶች ጭምር አዲስ መስመር ይጻፍባቸዋል። ስልክ ብቻ ተቀይሮ አራቱም ማውጫዎች ይነካሉ ማለት ነው። ይህን ሸክም ለማቅለል በ2008 የወጣው ስሪት 8.3 «ሆት» የተባለ ዘዴ አመጣ። የተለወጠው ዓምድ ኢንዴክስ ከሌለበትና አዲሱ ቅጂ እዚያው ገጽ ላይ ቦታ ካገኘ፣ ኢንዴክሶቹ አይነኩም፤ የድሮው ቅጂ አዲሱን ይጠቁማል። የደንበኛው አድራሻ ተለወጠ፣ አድራሻ ላይ ኢንዴክስ የለም፣ ገጹም ቦታ አለው፦ ለውጡ እዚያው ያልቃል። አድራሻ ላይ «ለማንኛውም ይጠቅማል» ብሎ ኢንዴክስ የጨመረ ሰው ግን ይህን እፎይታ ሳያውቀው አጥፍቶታል።

ኢኖዲቢ መዝገቡን በዋናው ቁልፍ ተራ ያስቀምጣል፤ ሌሎቹ ኢንዴክሶችም የሚይዙት ቦታን ሳይሆን ያንን ዋና ቁልፍ ነው። ስለዚህ ስልክ ሲቀየር የስልኩ ኢንዴክስ ብቻ ይነካል። ዋጋው በሌላ በኩል ይመጣል፦ በስልክ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የስልኩን ኢንዴክስ፣ ከዚያ የዋናውን ቁልፍ ዛፍ ይወርዳል፤ ሁለት ዛፍ። ዋናው ቁልፍ ራሱ ከተቀየረ ደግሞ ሁሉም ኢንዴክስ ይቀየራል። የትራንስፖርት ኩባንያው ኡበር በ2016 ከፖስትግሬስ ወደ ማይኤስኪውኤል የተሻገረበትን ምክንያት ሲያስረዳ ከጠቀሳቸው ዋና ነጥቦች አንዱ ይኸው ነበር፤ አንድ ትንሽ ለውጥ በብዙ ኢንዴክሶች ላይ የሚያስከትለው ጽሕፈት።

ሲሰረዝ

መዝገብ ተሰረዘ ሲባል ከዲስኩ ላይ በዚያው ቅጽበት ጠፋ ማለት አይደለም። እርስዎ በሚሰርዙበት ሰዓት ሌላ ሰው የወሩን ሪፖርት እያወጣ ሊሆን ይችላል፤ ሥራውን ሲጀምር የነበረውን መረጃ እስኪጨርስ ማየት አለበት። ስለዚህ መዝገቡ «ከዚህ ሰዓት በኋላ ሞቷል» የሚል ምልክት ይደረግበታል እንጂ አይወጣም። የኢንዴክሱ መስመርም እስከዚያው ይቆያል።

ሙታንን የሚሰበስበው ሌላ ሠራተኛ ነው። በፖስትግሬስ ቫኪውም ይባላል። በፋብሪካ ልኩ የሚነሣው የሞቱት መስመሮች ከሰንጠረዡ 20 በመቶ ሲደመር 50 ሲያልፉ ነው፤ አንድ ሚሊዮን መዝገብ ባለው ሰንጠረዥ ላይ 200,050 ገደማ ሲሞቱ መሆኑ ነው። ተነሥቶ ሰንጠረዡን ያስሳል፣ ማንም የማያያቸውን ሙታን ይለያል፣ በየኢንዴክሱ ዞሮ ወደ እነሱ የሚያመለክቱትን መስመሮች ያነሣል፣ በመጨረሻም ቦታውን ለአዲስ ገቢ ክፍት ያደርጋል። ቅደም ተከተሉ መገለበጥ የለበትም። የሰንጠረዡ ቦታ አስቀድሞ ለሌላ ደንበኛ ቢሰጥ፣ ያልተነሣው የኢንዴክስ መስመር የእርስዎን ስልክ ይዞ ወደ ሌላ ሰው ሒሳብ ይመራ ነበር። በኢኖዲቢ ተመሳሳዩን ሥራ ፐርጅ የተባለ ክፍል ይሠራል።

ቦታው ነጻ ወጣ ማለት ፋይሉ አነሰ ማለት አይደለም። በፖስትግሬስ የኢንዴክስ ገጽ ከዛፉ የሚነቀለው ጨርሶ ባዶ ሲሆን ብቻ ነው። ከ250 መስመሮች አሥሩ ብቻ የቀሩበት ገጽ ሙሉ 8 ኪሎባይት እንደያዘ ይቀመጣል። ኢኖዲቢ ከግማሽ በታች የወረደን ገጽ ከጎረቤቱ ጋር ለማዋሐድ ይሞክራል። እንደዚያም ሆኖ ብዙ የሚሰረዝበትና የሚለወጥበት ኢንዴክስ ከጊዜ በኋላ ያብጣል፤ ብዙ ገጽ፣ ጥቂት ቁም ነገር። መድኃኒቱ እንደገና መሥራት ነው። ፖስትግሬስ በ2019 ከወጣው ስሪት 12 ጀምሮ ሰንጠረዡን ለጸሐፊዎች ሳይዘጋ ኢንዴክስን እንደ አዲስ መገንባት ይችላል።

መብራት ቢጠፋስ?

ቅጠሉ ተከፍሎ ግማሹ ከተዛወረ በኋላ፣ የላዩ ገጽ ሳይታረም መብራት ቢጠፋ ዛፉ ተሰብሮ አይቀርም? ዳታቤዙ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። ገጾቹን ዲስክ ላይ ከመለወጡ በፊት ሊያደርግ ያሰበውን ለውጥ በቅደም ተከተል በአንድ የክንውን መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ «ተመዝግቧል» የሚል መልስ የሚሰጠውም ያ ጽሑፍ ዲስክ ላይ መድረሱን ካረጋገጠ በኋላ ነው። ማሽኑ ሲነሣ የክንውን መዝገቡን ከመጨረሻው አስተማማኝ ነጥብ ጀምሮ ያነባል፣ ያልተፈጸመውን ይፈጽማል። ሰንጠረዡና ኢንዴክሶቹ እኩል ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ልብ ይበሉ፦ ይህም ተጨማሪ ጽሕፈት ነው፤ የእያንዳንዱ ኢንዴክስ ለውጥ እዚህም ይቆጠራል።

ይህን ሁሉ ጽሕፈት ማቅለል የፈለጉ ሌላ መንገድ መርጠዋል። በ1996 ፓትሪክ ኦኒልና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ኤልኤስኤም የተባለ ዛፍ ለውጥን በየቅጠሉ እየዞረ አያስገባም፤ በሚሞሪ ያጠራቅማል፣ ሲበዛ በተራ ደርድሮ በአንድ ጊዜ ዲስክ ላይ ያወርዳል፣ የወረዱትንም ከኋላ ሆኖ እያዋሐደ ይሄዳል። ካሳንድራና ሮክስዲቢ የተባሉት የመረጃ ማከማቻዎች የሚሠሩት በዚህ ነው። መጻፍ ይፈጥናል፤ ማንበብ ግን ከአንድ በላይ ቦታ መመልከት ሊጠይቅ ይችላል። ዋጋው ኪስ ቀየረ እንጂ አልቀረም።

የድርደራው ሕግ ራሱ ሲለወጥ

እስካሁን ያልነው ሁሉ አንድ ነገር አምኖ ነው፦ ከሁለት ቃላት የትኛው እንደሚቀድም የሚወስነው ሕግ አይለወጥም ብሎ። ነገር ግን በ2018 የወጣው የሊኑክስ መሠረታዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ጂሊብሲ 2.28፣ የብዙ ቋንቋዎችን የድርደራ ሕግ አሻሻለ። በዚያ ሕግ የሚመሩ የፖስትግሬስ ተጠቃሚዎች ሰርቨራቸውን ሲያሳድጉ አንድ መዝገብ እንኳ ሳይነካ የጽሑፍ ኢንዴክሶቻቸው ተሳሳቱ። ዛፉ በድሮው ተራ ተደርድሯል፣ ፈላጊው በአዲሱ ተራ ይሄዳል፤ ያለው ነገር «የለም» ይባላል፣ መደገም የሌለበትም ይደገማል። መፍትሔው የጽሑፍ ኢንዴክሶችን በሙሉ እንደገና መገንባት ብቻ ነበር።

በአማርኛ ስም የሚሠሩ ሰዎች ለዚህ ጉዳይ ቅርብ ናቸው። ለኮምፒውተሩ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ በኢንዴክሱም የሚቀመጡት ተራርቀው ነው። አንዱን ጽፎ የፈለገ ሌላውን አያገኝም። የተለመደው መፍትሔ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያመጣ ደንብ ጽፎ፣ ኢንዴክሱን በስሙ ላይ ሳይሆን ደንቡ በሚያወጣው ውጤት ላይ መሥራት ነው። ያኔ ዳታቤዙ ስም በተመዘገበና በታረመ ቁጥር ደንቡን ራሱ እየተገበረ ማውጫውን ያስተካክላል። ነገር ግን ነገ ተነሥተው ደንቡን ቢያሻሽሉ፣ «ኸ»ንም ወደ «ሀ» ላምጣ ቢሉ፣ በድሮው ደንብ የተደረደረው ኢንዴክስ በራሱ አይታረምም። እንደገና መሠራት አለበት።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ኢንዴክስ ሲጨምሩ ጥያቄው «ፍለጋ ያፋጥናል ወይ?» ብቻ መሆን የለበትም። በዚህ ዓምድ ማን ይፈልጋል? በቀን ስንት ጊዜ? ዓምዱስ በቀን ስንት ጊዜ ይለወጣል? አልፎ አልፎ ለሚወጣ ሪፖርት ተብሎ በየሰከንዱ የሚለወጥ ዓምድ ላይ ኢንዴክስ ማኖር ኪሳራ ነው። በሌላ በኩል የስልክ ኢንዴክስ ለባንኩ ያስፈልጋል፤ ደንበኛ ስልኩን የሚቀይረው አልፎ አልፎ ነው፣ በስልኩ የሚፈለገው ግን በየቀኑ ነው።

ያሉዎትንም ይመርምሩ። ፖስትግሬስ እያንዳንዱ ኢንዴክስ ስንት ጊዜ ለፍለጋ እንደዋለ ይቆጥራል። ለወራት ዜሮ ላይ የቆመ ካለ በነጻ የሚቀለብ ነው፤ ይጣል። ከመጣልዎ በፊት ግን አንድ ስልክ በሁለት ሰው ስም እንዳይገባ የሚከለክል ልዩነት ጠባቂ አለመሆኑን ያረጋግጡ፤ እሱ ባይፈለግም ሥራ ላይ ነው። ብዙ ሚሊዮን መዝገብ በአንድ ጊዜ በባዶ ሰንጠረዥ የሚጭኑ ከሆነም መጀመሪያ መረጃውን ይጫኑ፣ ኢንዴክሱን ከዚያ በኋላ ይሥሩ፤ አንዴ ደርድሮ መገንባት ሚሊዮን ጊዜ ከሥር እስከ ቅጠል ከመውረድ ይረክሳል። በሌላው ቀን ሁሉ ግን የማይጠየቅ ማውጫ፣ መዝገብ በተነካ ቁጥር ያለ ሥራ ደመወዝ እንደሚበላ ይወቁ።